ቢላው ይቆይ፣ መድኃኒቱ ይቅደም፦ ኢንተርሴክስ ሆነው የሚወለዱ ልጆችና መብታቸው

ሕፃኑ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2009 ናይሮቢ፣ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ውስጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አራሱን ያዩት ሐኪሞች የወንድም የሴትም ምልክት አገኙበት። የሕክምና ሰነዱ ላይ ፆታ የሚሞላበት ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ተጻፈ።

እናት ያንን ወረቀት ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ፆታው ያልተሞላለት ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘት ይቸግረዋል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ አድጎም መታወቂያ ሲጠይቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ይኖራል። እናት ልጇን ወክላ ፍርድ ቤት ሄደች። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ሲባል መዝገቡ «ሕፃን ኤ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ኬንያ ውስጥ የሆነው ነገር ለእኛም የቅርብ ጎረቤት ታሪክ ነውና ጠጋ ብሎ ማየቱ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ግን ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። የሰው ፆታ በአንድ ነገር ብቻ አይወሰንም። ክሮሞዞም አለ፣ ሆርሞን አለ፣ ሆድ ውስጥ ያሉ የመራቢያ አካላት አሉ፣ በውጭ የሚታየው ብልት አለ። በአብዛኞቻችን እነዚህ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። በአንዳንዶች ግን አንዱ ወደ ወንድ፣ ሌላው ወደ ሴት ያደላል። ኢንተርሴክስ የሚባሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ «ፍናፍንት» ሲባሉ ኖረዋል፤ ቃሉ ለስድብ ስለሚውል እዚህ አልጠቀምበትም።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ክሮሞዞሟ እንደ ማንኛዋም ሴት ኤክስኤክስ የሆነ፣ ማኅፀንም ያላት ልጅ፣ ከኩላሊቷ በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ገና በጽንስነቷ የወንድ ሆርሞን አብዝቶ ስላመረተ ቂንጥሯ ተልቆ፣ ወንድ መስላ ልትወለድ ትችላለች። ሌላዋ ደግሞ ክሮሞዞሟ እንደ ወንድ ኤክስዋይ ነው፤ ሆዷ ውስጥ የወንድ የዘር ፍሬ አለ፤ ሰውነቷ ግን የወንድ ሆርሞንን ፈጽሞ አይቀበልም። ሴት ሆና ትወለዳለች፣ ጡት ታወጣለች፣ ቤተሰብ ምንም አይጠረጥርም። ነገሩ የሚታወቀው በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቷ የወር አበባዋ አልመጣ ሲል ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሳሊናስ በምትባል መንደር ደግሞ ሴት ናቸው ተብለው ያደጉ ልጆች ጉርምስና ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ ጡንቻቸው ዳብሮ ወንድ ይሆናሉ። ሐኪሞች ምክንያቱን የደረሱበት በ1970ዎቹ ነው፤ ሆርሞንን የሚቀይር አንድ ኢንዛይም ይጎድላቸዋል።

ቁጥራቸው ስንት ነው? የተባበሩት መንግሥታት የሚጠቅሰው ከ0.05 እስከ 1.7 በመቶ ነው። ክፍተቱ የሰፋው ምን ይቆጠር በሚለው ላይ ባለሙያዎች ስለማይስማሙ ነው። ሲወለድ ብልቱ ታይቶ ፆታውን ለመናገር የሚያስቸግር ሕፃን ግን በ4,500 ልደት አንድ ገደማ ነው ይባላል። ይህን በአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል አስቡት። አዋላጅ ነርሷ በሥራ ዘመኗ ቢያንስ አንዴ ልታየው የምትችለው ነገር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግልጽ ልሁን። ይህ ጉዳይ «ሰው ማንን ይወዳል» ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ አይደለም። ስለ ተወለደ አካል ነው የምናወራው። ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ብቻ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ደብቆ ይኖራል። የእስልምና የሕግ ሊቃውንት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለ «ኹንሳ»፣ ማለትም ፆታው አሻሚ ሆኖ ስለተወለደ ሰው፣ ውርሱ እንዴት ይከፈል፣ በሶላት ሰልፍ የት ይቁም እያሉ በዝርዝር ጽፈዋል። ሰዎቹ በመካከላቸው እንደነበሩ አውቀው ቦታ ሊያበጁላቸው ሞክረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኢንተርሴክስ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ያጋጥሙታል፤ ሁለቱም በየጊዜው ይምታታሉ። አንደኛው እውነተኛ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። አድሬናል ዕጢያቸው በትክክል የማይሠራ ሕፃናት ብዙዎቹ ሰውነታቸው ጨው መያዝ አይችልም። በተወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ማስመለስ ይጀምራሉ፤ ጡት አንጠባም ይላሉ፤ ይዝላሉ። ላየው ሰው ተራ ትውከትና ተቅማጥ ይመስላል። ካልታወቀላቸው በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ከታወቀላቸው ግን ሃይድሮኮርቲዞንና ፍሉድሮኮርቲዞን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች፣ ከትንሽ ጨው ጋር፣ ዕድሜ ልካቸውን በጤና ያኖሯቸዋል። ብዙ ሀብታም አገሮች አራስን ሁሉ ከተረከዙ ጠብታ ደም ወስደው ይመረምራሉ። በአብዛኛው አፍሪካ ይህ የለም። ስለዚህ ያ በውጭ የሚታየው ለየት ያለ ብልት ለሐኪሙ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ወንድ ልጅ ከሆነ ደወሉም የለም፤ በሽታው እያለበት ብልቱ የተለመደ ይመስላል፣ ማንም ሳያውቅለት ሊሞት ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ከእኛ ከሰዎች ነው። ልጁ ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ይሸናል፣ ያድጋል። ዘመዱ ግን መልኩን አልወደደውም። እዚህ ላይ ቢላ ይመጣል። የተለቀ ቂንጥር ይቆረጣል። ጠባብ ብልት ይከፈታል፤ ከዚያም ተመልሶ እንዳይዘጋ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በመሣሪያ እየተለጠጠ ይቆያል፤ ያውም በሕፃን ልጅ ላይ። ሆድ ውስጥ ያለ የዘር ፍሬ ይወጣል፤ ልጅቷም ዕድሜዋን ሙሉ የሆርሞን ጥገኛ ትሆናለች። አንዳንዱ ይመክናል። አንዳንዱ ጠባሳና ሕመም ይዞ ይቀራል፣ ስሜቱን ያጣል። አንዳንዱ ሴት ናት ተብሎ ተቆርጦ ሲያድግ ወንድ ሆኖ ይገኛል፤ የተቆረጠው ግን አይመለስም።

ይህ አሠራር ከየት መጣ? በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን መኒ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ልጅ በሕይወቱ መጀመሪያ ላይ እንዳሳደጉት ይሆናል፤ ብልቱን ከተመረጠለት ፆታ ጋር ቶሎ ማስተካከልና ምስጢሩን መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው ይል ነበር። ለዚህ ትልቁ ማስረጃው አድርጎ ያቀረበው ኢንተርሴክስ ያልሆነ ልጅ ነው። ዴቪድ ራይመር ካናዳ ውስጥ በ1965 ከመንትያ ወንድሙ ጋር ተወለደ። በግርዛት ጊዜ በደረሰ ስህተት ብልቱ ተቃጠለ። በመኒ ምክር ሴት ተደርጎ አደገ። መኒ ለዓመታት ሙከራው እንደተሳካ ጻፈ። በ1997 ሚልተን ዳይመንድና ኪት ሲግመንድሰን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እውነቱን አወጡት፦ ልጁ ሴትነቱን አንድ ቀን እንኳ አልተቀበለውም ነበር፤ ነገሩ ሲነገረው ወዲያው ወደ ወንድነቱ ተመልሷል። በ2004 ራሱን አጠፋ። በዚያ መሐል በመኒ ሐሳብ ተመርተው ስንት ሕፃናት ቢላ ስር እንዳለፉ ሳስብ በጣም ያንገበግበኛል።

የተቆረጡት ልጆች አደጉ። የሕክምና ካርዳቸውን ፈልገው አነበቡ። በ1993 ሼሪል ቼዝ የሰሜን አሜሪካ ኢንተርሴክስ ማኅበርን አቋቋመች። ኦክቶበር 26 ቀን 1996 ቦስተን ላይ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ስብሰባ ሲያካሂድ እነዚህ ሰዎች ደጅ ላይ ቆመው ተቃወሙ። ቀኑ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል። ጀርመን ውስጥ ክሪስቲያነ ፎሊንግ በ18 ዓመቷ፣ ምን እንደሚሠራባት በትክክል ሳይነገራት፣ ማኅፀኗንና የሴት የዘር አካሏን ያወጣውን ሐኪም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከሰሰችው። ኮሎኝ ላይ ረታች፤ በ2009 የ100,000 ዩሮ ካሣ ተፈረደላት። በ2020 ቺካጎ የሚገኘው የሉሪ ሕፃናት ሆስፒታል ለቀድሞ ታካሚዎቹ ይቅርታ ጠይቆ እንዲህ ያሉ ቀዶ ሕክምናዎችን አቆመ። ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ብርቅ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሴት ልጅ ግርዛትን በሕግ ከልክለናል። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕጋችን ያስቀጣበታል። ለዓመታት በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ስናስተምር የነበረው፣ ጤነኛ የሆነ የልጅ አካል ለባህልና ለመልክ ተብሎ አይቆረጥም እያልን ነው። ታዲያ አካሉ ያው ነው። ልጅቷም ያው ልጅ ናት። ማደንዘዣ ስለተሰጣትና ቆራጩ ነጭ ጋውን ስለለበሰ ብቻ ፈቃዷ ተጠየቀ ማለት አይደለም።

ወላጆችን መውቀስ ግን አልፈልግም። ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሆነ እናውቃለን። እልልታው እንኳ ለወንድና ለሴት ቁጥሩ ይለያያል። ክርስትናው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው። ስም ይወጣል፣ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ ሕፃኑን ሊያይ ይፈልጋል። እናት አራሷን ይዛ «ገና አልታወቀም» ብላ ልትመልስ? በዚያ ጭንቀት ውስጥ «አንድ ኦፕሬሽን ነው፣ ያልቃል» የሚል ሐኪም ከተገኘ እሺ ባትል ነው የሚገርመው። ለዚህ ነው ኃላፊነቱን ለወላጅ ብቻ ጥሎ መሄድ ተገቢ ያልሆነው። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚያች ሰዓት ነው።

የኬንያው ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። ከሕፃን ኤ በፊት ሪቻርድ ሙአስያ ነበር። በከባድ ዝርፊያ ተከሶ ሞት ተፈረደበት፤ ካሚቲ እስር ቤት ከወንዶች ጋር ታሰረ። ጠባቂዎቹ በሰው ፊት ልብሱን እያስወለቁ ይፈትሹት ነበር። መሣቂያ ሆነ። ፍርድ ቤት ከሰሰ። በዲሴምበር 2010 ሦስት ዳኞች በሰጡት ውሳኔ ኢሰብአዊና አዋራጅ አያያዝ ደርሶበታል ብለው 500,000 ሽልንግ ካሣ ፈረዱለት። ኢንተርሴክስ ሰዎች በሕግ ይታወቁ የሚለውን ጥያቄውን ግን አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው ኬንያ ውስጥ ቁጥራቸው ይህን ያህል ነው የሚል ማስረጃ ስላልቀረበ የተናጠል ጉዳይ ተደርጎ ይታይ የሚል ነበር። ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። መንግሥት አልቆጠራቸውም፤ ስላልተቆጠሩ ደግሞ የሉም ተባለ።

በዲሴምበር 2014 የሕፃን ኤ ውሳኔ ሲሰጥ ዳኛ አይዛክ ሌናኦላ ሌላ መንገድ ያዙ። የኢንተርሴክስ ልጆችን መረጃ የሚሰበስበው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ እንዲያሳውቅ አዘዙ። እናት የጠየቀችውን ሁሉ አላገኘችም። ያቺ ትእዛዝ ግን መንግሥትን ሥራ አስጀመረችው። በ2017 አጥኚ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ግብረ ኃይሉ በየአውራጃው ዞሮ ሰዎችን አነጋገረ። በ2019 ኬንያ ሕዝቧን ስትቆጥር ከወንድና ሴት ሌላ ኢንተርሴክስ የሚል አማራጭ መጠይቁ ውስጥ ገባ። የተገኘው ቁጥር 1,524 ነው። ከ47 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ነው ብሎ የሚያምንም ብዙ የለም። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ የቤቱን አባወራ በጎረቤት ፊት ሲጠይቅ ማን ደፍሮ ይናገራል? ቢሆንም ዳኞቹ የለም ያሉት ቁጥር በመንግሥት ማኅተም ታተመ።

በዚያው ሰሞን ይፋ ከወጡት ነገሮች አንዱ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በ2017 ቢቢሲ ከምዕራብ ኬንያ፣ ከሉዎ ማኅበረሰብ እንደዘገበው፣ እንዲህ ዓይነት ሕፃን ሲወለድ አንዳንድ የልምድ አዋላጆች ይገድሉት ነበር። በግልጽ አይናገሩም፤ «ስኳር ድንቹን ሰበርነው» ይላሉ። የዘገባዋ ባለታሪክ የልምድ አዋላጅ ግን አልሰበረችም። አባት ይገደል ሲል እምቢ ብላ ሕፃኑን ወደ ቤቷ ወሰደች። ከሁለት ዓመት በኋላም ሌላ ሕፃን ጨመረች። ሁለቱንም አሳደገቻቸው። ማንም ሥልጠና አልሰጣትም፣ ማንም አላዘዛትም።

በ2022 ኬንያ አዲስ የሕፃናት ሕግ አወጣች። ሕጉ ኢንተርሴክስ ልጅን በስም ይጠራል። በክብር የመያዝ፣ የመታከም፣ የመማር መብት ይሰጠዋል። በአፍሪካ ትልቅ እርምጃ ነው። አንድ ቀዳዳ ግን አለበት። የኢንተርሴክስ ልጅን አካል መቀየር ወይም ማውጣት የሚከለክለው «ከሕክምና ጀነቲክስ (የዘረመል ሕክምና) ባለሙያ ምክር ውጪ» ከሆነ ነው። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው። ቢገኝም ደግሞ ጥያቄው ባለሙያው ምን ይላል የሚለው ብቻ መሆን አልነበረበትም። ልጁስ? ሕጉ ቁልፉን ከወላጅ እጅ ወስዶ ለኤክስፐርት ሰጠው። ልጁ አድጎ ራሱ እስኪናገር ይጠበቅ አላለም።

ይህን በግልጽ ያለችው ማልታ ናት። ያቺ ትንሽ የካቶሊክ ደሴት በአፕሪል 2015 ባወጣችው ሕግ፣ ልጁ ራሱ ፈቃዱን እስኪሰጥ ሊቆይ የሚችል ማንኛውም የፆታ አካል ቀዶ ሕክምና ሕገ ወጥ ነው አለች። ዋናው ሐሳብ «ሊቆይ የሚችል» የሚለው ነው። ሽንቱ የተዘጋበት ሕፃን አይቆይም፤ ጨው የሚያልቅበት ሕፃን አይቆይም። መልኩ ብቻ የሆነ ግን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋል፣ አይስላንድ፣ ጀርመን፣ ግሪክና ስፔን በየፊናቸው ተከትለዋል፤ በሕንድም ታሚል ናዱ በ2019 ከልክላለች። የታሚል ናዱውን ያመጣው የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ጉዳዩ የጀመረው በጋብቻ ምዝገባ ክርክር ነበር።

ጎረቤት ኡጋንዳ ደግሞ መደረግ የሌለበትን ታሳያለች። በ2015 የወጣው የሰዎች ምዝገባ ሕጓ እንዲህ የተወለደ ልጅ መዝገቡ ላይ ፆታውን ማስቀየር ይችላል ይላል፤ ግን መጀመሪያ ኦፕሬሽን ከተደረገለትና ሐኪም ካረጋገጠለት ነው። ሳይታሰብ ሕጉ ራሱ ወደ ቢላ ይገፋል። ለኢንተርሴክስ ሰዎች የሚሟገተው ጁሊየስ ካግዋ በ2008 እዚያው ካምፓላ ያቋቋመው ድርጅት ይህን ሲታገል ቆይቷል።

ስለ ወረቀቱም የራሴ አስተያየት አለኝ። ብዙዎች መፍትሔው ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ ሳጥን መጨመር ይመስላቸዋል። ጀርመን በ2013 እንዲህ ያሉ ሕፃናት ፆታቸው ባዶ ይተው ስትል ራሳቸው ኢንተርሴክስ የሆኑ ሰዎች ብዙ ተቃውመዋል። ምክንያታቸው ገብቶኛል። ልጁን ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ በወረቀት መለየት ነው፤ ወላጅም ያንን ባዶ ቦታ ፈርቶ ወደ ቀዶ ሐኪም ይሮጣል። ለአዋቂ፣ በራሱ ምርጫ፣ ሦስተኛ አማራጭ መኖሩ ጥሩ ነው። ለሕፃን ግን ሐኪሞች ከመረመሩ በኋላ ወደሚያደላበት ወገን መዝግቦ፣ አድጎ ሌላ ነው ካለ ያለ ኦፕሬሽንና ያለ ዳኛ የሚታረምበትን ቀላል መንገድ ማበጀት ይሻላል። የሚመዘገበው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ይታረማል።

አትሌቲክስን ሳናነሳ ብናልፍ ደግሞ ለእኛ አገር አንባቢ ጎደሎ ይሆናል። የ2016ቱን የሪዮ 800 ሜትር ሴቶች መድረክ የማያስታውስ የለም፦ ካስተር ሴሜንያ፣ ፍራንሲን ኒዮንሳባ፣ ማርጋሬት ዋምቡይ። ሦስቱም አፍሪካውያን ናቸው። በተፈጥሮ የወንድ ሆርሞናቸው ከፍ ያለ ሴት አትሌቶች መጠኑን እንዲቀንሱ የሚያዝዘው ደንብ ከ400 ሜትር እስከ ማይል ባለው ርቀት ላይ ሲጠነክር ሦስቱም ከርቀታቸው ወጡ። ኒዮንሳባ ወደ 5,000ና 10,000 ሜትር ወጥታ ከእኛ ልጆች ጋር መሮጥ ጀመረች። በ2023 ደንቡ በሁሉም ርቀት ላይ ሆነ። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ሻምፒዮና በሴቶች ምድብ የምትሮጥ ሁሉ ዋይ ክሮሞዞም ላይ የሚገኘውን ኤስአርዋይ የሚባል ጂን አንዴ መመርመር ግዴታዋ ሆኗል። ይህ በፓሪስ በ800 ሜትር ብር ያመጣችልንን ጽጌ ድጉማንም፣ ሌሎቹንም ሴት አትሌቶቻችንን ይመለከታል።

ውድድሩ ፍትሐዊ ይሁን የሚለው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለፋ ኖራ አራተኛ የወጣች ልጅ ቅሬታ ሊገባን ይገባል። ግን የምርመራውም ታሪክ ይታወቅ። ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ የስፔን መሰናክል ሯጭ ነበረች። በ1985 ኮቤ ላይ ተመርምራ ክሮሞዞምሽ ኤክስዋይ ነው ተባለች። የተጎዳሽ መስለሽ ውጪ ብለው መከሯት። በቀጣዩ ዓመት እምቢ ብላ ስትሮጥ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የትምህርት ድጎማዋን፣ እጮኛዋን፣ ሪከርዷን አጣች። ሰውነቷ ግን የወንድ ሆርሞን ጨርሶ የማይቀበል ነበር፤ ምንም ብልጫ አልነበራትም። በ1988 መለሷት፤ ጊዜዋ ግን አልፎ ነበር። በ1992 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የክሮሞዞም ምርመራውን ተወው፤ በ1999 ኦሊምፒክም ተወው። አሁን በሌላ ስም ተመልሶ መጥቷል። ኤስአርዋይ ጂንን በ1990 ያገኙት ቡድን አባል የነበሩት አንድሩ ሲንክሌር ራሳቸው ጂኑ መኖሩ ብቻ ስለ ሰውነት አሠራር ምንም አይናገርም ብለው ተቃውመዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኡጋንዳዋ አኔት ኔጌሳ ናት። ተስፋ የተጣለባት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። በ2012 የወንድ ሆርሞኗ ከፍ ያለ ነው ተባለ። ካምፓላ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። «ቀላል ነገር እንደሚሠራልኝ ነግረውኝ ነበር፤ ስነቃ ተቆርጬ አገኘሁት» ብላለች። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እንዲህ አድርጉ ብዬ አልመከርኩም ሲል አስተባብሏል። እሷ ግን ወደ ቀድሞ አቅሟ አልተመለሰችም። በጀርመን ጥገኝነት ጠይቃ ትኖራለች። ሴሜንያ በበኩሏ ክርክሯን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሰች፤ በጁላይ 2025 የፍርድ ቤቱ ታላቅ ችሎት የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ጉዳይዋን በአግባቡ አላየላትም ብሎ ፈረደላት። ደንቡ ራሱ ግን አልተሻረም።

በዓለም ደረጃ ነገሩ ቀስ እያለም ቢሆን ይሄዳል። ደቡብ አፍሪካ በ2005 የእኩልነት ሕጓ ውስጥ ኢንተርሴክስን በስም አስገብታለች፤ ከዚያ ሥራ ጀርባ ከነበሩት አንዷ ኢንተርሴክስ የሆኑት ሳሊ ግሮስ ናቸው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በማርች 2023 የኢንተርሴክስ ሰዎችን መብት የሚመለከት ውሳኔ ቁጥር 552ን አጸደቀ። ኢትዮጵያ የኮሚሽኑን ቻርተር ከተቀበለች ከ25 ዓመት በላይ ሆኗታል። በአፕሪል 2024 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት የመጀመሪያውን ውሳኔ አሳለፈ። ሃያ አራት አገሮች ደገፉ፤ ሃያ ሦስት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የተቃወመ አንድም አገር አልነበረም። በብዙ ነገር የሚነታረኩ መንግሥታት ናቸው። ልጅ ተቆርጦ መልኩ ይስተካከል ብሎ እጁን ሊያወጣ የፈለገ ግን አልተገኘም። ኢትዮጵያ በወቅቱ አባል አልነበረችም፤ ከ2025 እስከ 2027 ግን ከኬንያ ጋር ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች።

እኛ ዘንድስ ምን ይደረግ? ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል ሕጋችን። ምርመራው ያልተጠናቀቀ ልጅ ቤተሰብ ይህ ቀን ሲደርስበት መዝጋቢው ምን እንደሚያደርግ የሚነግር ግልጽ መመሪያ ያስፈልገዋል፤ በኋላ የሚታረምበትም መንገድ እንዲሁ። የንስሐ አባትና ሸኽ የሚናገሩት ቃልም ትልቅ ነው። ወላጅ ከሐኪም ቀድሞ ወደ እነሱ ነውና የሚሄደው «ልጁ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ አትቸኩሉ» ቢሉት አንድ ሙሉ ሕይወት ሊያተርፉ ይችላሉ።

ዋናው ሥራ ግን ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ነው። አዋላጇ እንዲህ ያለ ሕፃን ስታይ መደንገጥ የለባትም፤ ሰው ጠርታ ማሳየትም የለባትም። ሕፃኑን ሸፍና ለእናቱ ትስጥ፣ ጡት ታስይዝ፣ ልጁ ደህና መሆኑንና ፆታው በምርመራ እንደሚታወቅ ትንገራት። ወደ ሕፃናት ሆርሞን ሐኪም ሪፈር ይጻፍ። ስፔሻሊስቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። ከ2008 ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ለአፍሪካ የሕፃናት ሆርሞን ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ማዕከል አለ፤ ኢትዮጵያውያንም ሠልጥነውበታል። ቀጠሮው እስኪደርስ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንቱን መጠበቅ የማይችለው ያ ጨው የሚያልቅበት ሕፃን ነው። የደም ጨው መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ፣ ሃይድሮኮርቲዞንና ፍሉድሮኮርቲዞን በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታል ፋርማሲ መኖር አለባቸው። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ፣ ከተሠሩ ብዙ አሥርት ዓመታት ያስቆጠሩ ክኒኖች ናቸው። እነሱን ለማስገባት አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው የመድኃኒት ግዢ ዝርዝር ላይ መጻፍ ይበቃል።